ያለ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ

ካሴት የሚባለው ዕቃ ከገበያ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዛሬ በነቀምቴ ከተማ የካሴት ማጫወቻ ለመግዛት የሚዞር ሰው ቢኖር፣ ነጋዴው በመገረም ይመለከተው ይሆናል እንጂ ዕቃውን አያገኝለትም። እኔ ግን በቤቴ ከመጻሕፍቴ ጎን አንዲት የ60 ደቂቃ ካሴት አስቀምጫለሁ። ሥዕል ያለበት ሽፋን የላትም፤ የአሳታሚ ስም አልታተመባትም፤ የዘፈኖቹም ዝርዝር አልተጻፈባትም። በፊቷ ላይ በሰማያዊ እስክሪፕቶ «ነቀምቴ፣ አዳራሽ፣ 1985» የሚል ብቻ ይነበባል። ስለዚህች ካሴት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የዘፈኖቹ ውበት ብቻ አይደለም። በውስጧ ያለው ድምፅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስብኝ ስለ ኖረ፣ የሰማሁትንና ያየሁትን ለአንባብያን ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶኝ ነው።

ካሴቷን የቀዱት አጎቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ በከተማችን ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በሱቃቸው ውስጥ ሆዱ የተከፈተ ራዲዮ፣ የተበጣጠሰ ሽቦና የጋለ መበየጃ አይጠፋም ነበር። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ የተነሣ የሙዚቃ ጓድ በአምቦና በባኮ በኩል አልፎ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነቀምቴ ሲደርስ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ ሲቀጥል፣ ከተማው እንደ በዓል ዋዜማ ይታወክ ነበር። በ1985 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ጓድ መጣ። እኔ በዚያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ ከምሽቱ አንዳች አላስታውስም፤ የማውቀው ሁሉ ከአጎቴ አፍና ከካሴቷ የሰማሁት ነው።

ዘፋኙ የወለጋ ተወላጅ ናቸው። በሕይወት ስላሉና ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጠራቸውም። በወጣትነታቸው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላዎች ደጋግመው እየሰሙ በራሳቸው ጥረት ጊታር የተማሩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚዘፍኑ ሰው ነበሩ። ትዝታን ሲጫወቱ ጊታሩን እንደ ክራር ረጋ አድርገው ይጀምሩትና፣ ወደ መካከሉ ሲደርሱ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በሚመስል አኳኋን ያስጮኹታል። ትዝታና ብሉዝ ዘመዳሞች ናቸው የሚል ነገር ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኔ ስለ ዝምድናው ለመፍረድ የሙዚቃ ዕውቀት የለኝም፤ ነገር ግን ሁለቱም ያጡትን ነገር ድምፅ ከፍ አድርጎ መጥራት እንደ ማያሳፍር የሚያምኑ መሆናቸውን ከዚህች ካሴት ተረድቻለሁ።

አጎቴ ቴፕ ሪኮርደራቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው አዳራሹ ገቡ። ማንንም አላስፈቀዱም። ከመድረኩ በስተግራ ካለው ድምፅ ማጉያ ብዙ ሳይርቁ ተቀምጠው፣ ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጎረሰው ቴፕ መቅዳት ጀመሩ። እንግዲህ በዚያች ክር ላይ ያለውን ድምፅ ለመግለጽ ብሞክር እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ዝናም ነው። የነቀምቴን ክረምት የሚያውቅ ሰው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ውሃ ድምፅ ያውቀዋል፤ ከበሮ መቺው ከዝናሙ ጋር ሲፎካከር ይሰማል። ከዚያም የወንበር መንቋቋት፣ የአንድ ሽማግሌ ሳል፣ ልጅዋን «ና፣ ተቀመጥ» የምትል ሴት፣ እልልታ፣ ፉጨት። ከዚህ ሁሉ መካከል የዘፋኙ ድምፅ ይወጣል፤ ዳሩ ግን ከላይ ሆኖ ሳይሆን ከሕዝቡ ጋር ተደባልቆ ነው።

በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አራተኛው ዘፈን እኩሌታው ሲደርስ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ጊታሩም በአንድ ጊዜ የትንኝ ድምፅ የሚያህል ሆነ። የአጎቴ ቴፕ ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለ ነበረ መቅዳቱን አላቋረጠም። አንድ ደቂቃ ያህል ሳቅና ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ያለ ማይክሮፎን፣ በባዶ ጉሮሮአቸው ዘፈኑን ከቆመበት ቀጠሉት። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሁለት ስንኝ ከሄዱ በኋላ ግን ሦስተኛው ጠፋባቸውና ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ከጨለማው ውስጥ አንድ የጎርናና ወንድ ድምፅ የጠፋውን ስንኝ አቀበላቸው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ፤ ዘፋኙም ስንኙን ተቀብለው፣ ሕዝቡም አብሮ እየተቀበለ፣ ዘፈኑ በዚያው በጨለማ ተጨረሰ። ወደ መጨረሻው ላይ ሁሉም ነገር እየፈጠነና እየቀጠነ ይሄዳል። አጎቴ ምክንያቱን ነግረውኛል፤ ድንጋዮቹ እየደከሙ ሲሄዱ ክሩ በሚቀዳበት ጊዜ በዝግታ ስለሚዞር፣ በኋላ በሙሉ ኃይል ሲያጫውቱት ድምፁ ይሮጣል። ስለዚህ ካሴቷ የምታልቀው የነቀምቴ ሕዝብ በሕፃናት ድምፅ ሲዘፍን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን። ካሴቷን አሰምቼው «ይህ እኮ ቡትሌግ ነው» አለኝ። ቃሉ የቦት ጫማ ቅልጥም ማለት ሲሆን፣ የመጣውም የተከለከለ መጠጥ በጫማቸው ውስጥ ደብቀው ይሸጡ ከነበሩ አሜሪካውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በሎስ አንጀለስ ከተማ የቦብ ዲላን ዘፈኖች ያለ እርሱና ያለ ኩባንያው ፈቃድ በሁለት ሸክላ ታትመው፣ ምንም ጽሑፍ በሌለበት ነጭ ሽፋን ተጠቅልለው ተሸጡ። «ታላቁ ነጭ ተአምር» የሚል ስም ወጣለት። ኩባንያው በ1991 ራሱ ይህንኑ የቡትሌግ ስም ይዞ ያልታተሙ ቅጂዎችን ማውጣት ጀመረ፤ ይኸውም ሌባ የከፈተውን በር ባለቤቱ እንደ ገባበት ያለ ነው።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ የጃኒስ ጆፕሊን ነገር ነው። ይህች ብሉዝን ከሮክ ጋር አጋብታ ትዘፍን የነበረች የቴክሳስ ተወላጅ በ27 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1970 ሞተች። በ1968 ከጓዶቿ ጋር ያወጣችው ስመ ጥር ሸክላ በሕዝብ ፊት የተቀዳ ይመስላል፤ ጭብጨባና ጩኸት ይሰማበታል። ነገር ግን አብዛኛው የተዘፈነው በስቱዲዮ ነው፤ የሕዝቡ ድምፅ በኋላ የተጨመረ ነው። ብዙ ገንዘብና ረቂቅ መሣሪያ ያለው ኩባንያ የሕዝብ ድምፅ ስላስፈለገው ከሌላ ቦታ አምጥቶ ቀጠለው ማለት ነው። አጎቴ በጋቢ ሥር በደበቁት ቴፕ ያገኙት ግን ያንኑ ኩባንያው የተመኘውን ነገር ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ ስለ አጎቴ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም አጎቴ ካሴቷን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሯትም። ሁለት ካሴት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ቴፕ ስለ ነበራቸው፣ ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ ይገለብጡለት ነበር። ትርፍ አልበሉበትም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከእርሳቸው የገለበጠው ደግሞ ለሌላው ይገለብጣል። አንድ ግልባጭ ከሌላ ግልባጭ ሲወለድ ሽሽታው ይጨምራል፣ ድምፁም ይደበዝዛል፤ ይሁንና ማንም ቅር አላለውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ካሴቷ በጊምቢ ሻይ ቤቶች፣ በሻምቡም በአውቶቡስ ውስጥ እንደ ተሰማች መንገደኞች ለአጎቴ ይነግሯቸው ነበር። በልጅነቴ ደግሞ የተጠላለፈ ክር በእስክሪፕቶ እያጠነጠንሁ ግልባጮቹን ስጠግን አድጌአለሁ። ስለ ፈቃድ ሲነሣባቸው አጎቴ፣ «ሙዚቀኞቹ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ለእኛ ምን ይቀርልናል?» የሚል መልስ ነበራቸው።

ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከፈቃድ ውጭ የተሠራ ታላቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ይህን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስገባ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኤቲዮፒክስ» በሚል ስም ለዓለም ያሰማቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሸክላዎች የተገኙ ናቸው። አምሃም ዓለማየሁም በ2021 ዐረፉ። ወጣቱ ትእዛዙን አክብሮ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ድምፅ በአየር ላይ ተበትኖ በቀረ ነበር።

ሆኖም በአምሃ እሸቴና በአጎቴ መካከል አንድ ልዩነት አለ። አምሃ የተላለፈው የመንግሥትን ትእዛዝ ነው እንጂ ከዘፋኞቹ ጋር ተስማምቶ ነበር የሚሠራው። አጎቴ ግን ያላስፈቀዱት ዘፋኙን ራሱን ነው።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን ሥራዬም በመዝገብ ቤት ነው። ዋናውና ግልባጩ የሚለው ነገር ቀኑን ሙሉ በእጄ ላይ ነው። ግልባጭ የሚታመነው ዋናውን አይቶ ማኅተም የመታበት ሰው ሲኖር ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ደራሲውን ማስፈቀድ የሚባል ነገር ያሰበ የለም፤ መገልበጡ ራሱ የሚመሰገን ድካም ነበር። ምናልባት የእኛ ሰው በካሴት መገልበጥ ያላፈረው ይህ ልማድ በደሙ ስላለ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ቁም ጸሐፊው አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበት ነበር፤ የአጎቴ ቴፕ ግን በሠላሳ ደቂቃ አንድ ገጽ ይጨርሳል።

ስለ ሕጉም በአጭሩ ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይናገር ነበር። ድምፃዊው በመድረክ ላይ ያሰማው ድምፅ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀዳና እንዳይባዛ በግልጽ የተደነገገው ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 410 ነው። ጥበቃውም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሕጉ የዘፈነውን ያውቃል፤ ያሳተመውን ያውቃል። በጨለማ ውስጥ ስንኝ ያቀበለውን ሰው ግን የሚያውቅበት ቁጥር አላገኘሁበትም።

ያንን ሰው የምናውቀው እኛ ነን። በከተማችን ካሴቷን የሚሰሙ ሽማግሎች ከዘፈኑ ይልቅ የሕዝቡን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። «ይህች እልልታ የእገሊት ናት፤ ይህ ሳል የእገሌ ነው» ይባባላሉ። ስንኝ ያቀበሉት ሰው መምህር ነበሩ፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ባለቤታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቤቴ መጥተው፣ «ልጄ፣ አጎትህ ያስቀመጣት ካሴት አንተ ዘንድ እንዳለች ሰማሁ» አሉኝ። አሰማኋቸው። ዘፈኑን አልጠየቁም፤ መብራት ከጠፋበት እስከ ጭብጨባው ያለውን ብቻ ሦስት ጊዜ አስደግመው ሰሙ። ግልባጭ ይኖራቸው እንደ ሆነ ስጠይቃቸው፣ የነበራቸውን ልጆች እየተጫወቱበት ክሩን እንደ በጣጠሱት ነገሩኝ።

ግልባጭ ልሰጣቸው ሳስብ አንድ ነገር ሆነ። ባለፈው ዓመት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የጠፋባቸውን ማስረጃ ግልባጭ ፈልገው ወደ መዝገብ ቤቱ መጡ። ስማቸውን በመዝገቡ ሳይ ደነገጥሁ። «ጋሼ፣ በ1985 በነቀምቴ አዳራሽ ዘፍነው ነበር?» አልኋቸው።

«መብራት የጠፋብን ቀን?» አሉ ወዲያው።

ከሥራ በኋላ ሻይ እየጠጣን ነገሩን ሁሉ ገለጽሁላቸው። አጎቴን አልደበቅሁም። ዘፋኙ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ በዚያ ምሽት ማግሥት ባሉት ዓመታት በገንዘባቸው ተበድረው በስቱዲዮ አንድ ካሴት እንደ ሠሩ ነገሩኝ። ወደ ወለጋ ሲልኩት ገዢ አልተገኘም። ባለ ሱቆቹም፣ «ሰዉ የነቀምቴውን አለን ይላል፤ በዚህኛው እልልታ የለበትም እያለ ይመልሰዋል» ብለው ጻፉላቸው። አሳታሚውም ሁለተኛ ሥራ አልተቀበላቸውም። «አጎትህ ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ ነገር ግን ከራሴ ጋር አወዳድሮ ራሴን አሸነፈብኝ» አሉ። ከዚያም ጥቂት ፈገግ ብለው፣ «ለመሆኑ ጊታሩ ከቅኝት ወጥቶ ነበርን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የራሳቸው ድምፅ አንድም ቅጂ በእጃቸው አልነበረም። ወደ ስልኬ ያሻገርሁትን አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መብራቱ የጠፋበት ስፍራ ሲደርስ ግን ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት። «ይህን ቁረጠው» አሉ፤ «ስንኝ የጠፋበት ዘፋኝ ነው ተብዬ አልቀር።» እኔ ግን መምህሩን አሰብሁ። ሁለቱ ሰዎች ከአንዲት ካሴት የሚፈልጉት አንድ ስፍራ ሆነ፤ አንደኛው እንዲጠፋ፣ ሌላይቱ እንዲቀመጥ። መብቱ የዘፋኙ ነው፤ ይህን ሕጉም እኔም እናውቃለን። መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከመዝገብ ላይ ቅጠል ቀድዶ ማውጣት እጁ አይታዘዝለትም።

ስለ መምህሩ ባለቤት ነገርኋቸው። «ያ ስንኝ ያቀበለኝ ሰው ሞቷል?» አሉ። ስለ መልኩ፣ ምን ያስተምር እንደ ነበረ፣ ዘፈኑን ከየት እንዳወቀው ጠየቁኝ። የመጨረሻውን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው አልኋቸው። በማግሥቱ ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን መኪና አሳልፈው አብረን ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድን። ሴትየዋ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ባለቤታቸው ዘፈኑን ያወቁት ከማንም ሳይሆን፣ ዘፋኙ በወጣትነታቸው በአንድ ሠርግ ላይ ሲዘፍኑት ሰምተው እንደ ነበረም ነገሯቸው። ዘፋኙ ያንን ሠርግ አላስታወሱትም።

ከዚያ ስንወጣ ወረቀት እንዳመጣ አዘዙኝ። ቆሞ መጻፍ ስላልሆነላቸው በግንቡ ላይ ተደግፈው በእጃቸው ጻፉት፤ ካሴቷ ሳትቆረጥ አንድ ግልባጭ ለመምህሩ ባለቤት እንዲሰጥ፣ አንድ ለራሳቸው እንዲሰጥ፣ ለሌላ ለማንም ግን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዳይሰጥ፣ በኢንተርኔትም ላይ እንዳይወጣ የሚል ነው። ቀንና ፊርማ አኖሩበት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተሰጠ የመጀመሪያ ፈቃድ መሆኑ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ከካሴቷ ጋር አስቀመጥሁት። ወደ መናኸሪያው ስንሄድ፣ ከመኪናው ከመሳፈራቸው በፊት ያንን መብራት የጠፋበትን ስፍራ እንደገና እንዳሰማቸው ጠየቁኝ፤ በዚህ ጊዜም እጃቸውን በስልኩ ላይ አላኖሩም።